ምዕራፍ 6፦ ያገለገለ ማን ሊፍት

ኤክስካቫተር ሳይት ላይ ቢበላሽ ሥራ ይቆማል፤ ፎርማኑ ይበሳጫል፣ መካኒክ ይጠራል፣ የዕለቱ ኪራይ ይቃጠላል። ሰውን ወደ ከፍታ የሚያወጣው ማን ሊፍት ሲበላሽ ግን ላዩ ላይ ሰው አለ። ይህን ልዩነት ልብ ያላለ ገዢ ያገለገለ ማን ሊፍትን እንደ አሮጌ ሎደር ያየዋል፦ ሞተሩን ያስነሳል፣ ጭሱን ያያል፣ ጎማውን በእግሩ መታ መታ ያደርጋል፣ ከዚያ ዋጋ ውስጥ ይገባል። እዚህ ላይ ግን ሞተር በመጨረሻ የሚታይ ነገር ነው። አልነሳ ያለ ሞተር ማንንም አይጥልም። ሰው የሚጥለው የተሰነጠቀ ብየዳ፣ የተበላ ፒን፣ ወይም “ያስቸግራል” ተብሎ በሽቦ የታሰረ ስዊች ነው፤ እነዚህ ደግሞ ማሽኑ ቆሞ ሲታይ ምንም አይናገሩም።

ስለዚህ ምክሬ ከማሽኑ በፊት መዝገቡን ግዙ የሚል ነው። በየጊዜው የተመረመረበት፣ ዘይቱ የተቀየረበት፣ ክንዱ የተበየደበትና ማን እንደበየደው የተጻፈበት ወረቀት ያለው የ15 ዓመት ማሽን፣ ቀለሙ የሚያብረቀርቅ ግን ከየት እንደመጣ ከማይታወቅ የ8 ዓመት ማሽን ይሻላል። ገበያው ይህን ገልብጦ ነው የሚያስበው። ለቀለም ገንዘብ ይከፈላል፤ ወረቀት ደግሞ “አለ፣ በኋላ እንልክልዎታለን” ተብሎ ይታለፋል።

ከመግዛት በፊት ግን ማሽኑ ያስፈልጋል ወይ የሚለው ጥያቄ አለ። አዲስ አበባ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ከፍታ ሥራ አሁንም የሚሸከመው የባህር ዛፍ መወጣጫ ይመስለኛል፤ ስንንቀው ብንውልም ለአንዳንድ ሥራ ተገቢው መሣሪያ እሱ ወይም የብረት ስካፎልዲንግ ነው። የሕንፃ ፊት ለመለሰንና ለመቀባት አሥር ሰው በአንድ ጊዜ ግድግዳው ላይ መሰለፍ አለበት፤ ለዚህ አንድ ቅርጫት አይበቃም። ማን ሊፍት የሚያዋጣው ሥራው ቶሎ ቶሎ ቦታ ሲቀይር ነው፦ የመጋዘን ጣሪያ ብረት ማሰር፣ በፋብሪካ አዳራሽ ውስጥ መብራትና የአየር ቱቦ መግጠም፣ የተሰነጠቀ የሕንፃ መስታወት መለወጥ፣ የማስታወቂያ ሰሌዳ መስቀል። እንደ ሐዋሳና ቦሌ ለሚ ባሉት የኢንዱስትሪ ፓርኮች ውስጥ የቆሙት ሰፋፊ የብረት ሼዶች ማሽኑ የተፈጠረላቸው ዓይነት ቤቶች ናቸው፤ ወለሉ ሊሾ ነው፣ ጣሪያው ሩቅ ነው፣ ሥራው ከአምድ ወደ አምድ ይሄዳል። በዓመት ሁለት ሦስት ሳምንት ብቻ እንዲህ ያለ ሥራ የሚገጥመው ኮንትራክተር ይከራይ። ቆሞ የሚውል ማን ሊፍት ባትሪው ይሞታል፣ ጓርኒሲዮኑ ይደርቃል፣ ጎማው ይሰነጠቃል፤ እንደ ቆመ ያረጃል።

የማሽኑ አጀማመር ራሱ ከሞት ጋር የተያያዘ ነው። በፔንሲልቬንያ ክሬን ይሠራ የነበረው ጆን ግሮቭ ከሥራው ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ1967 ከባለቤቱ ጋር አሜሪካን እየዞረ ሳለ ሁቨር ግድብ ይደርሳል። ኩባንያው ስለ ራሱ በሚተርከው ታሪክ መሠረት፣ ሁለት ሠራተኞች ስካፎልዲንግ ላይ ሆነው በኤሌክትሪክ መሞታቸው የተሰማው ያኔ ነው። ግሮቭ ወደ ቤቱ ተመልሶ በ1969 ማኮኔልስበርግ በምትባል ትንሽ ከተማ የብረታ ብረት ሥራ ቤት ገዛ፤ በቀጣዩ ዓመትም የመጀመሪያ ባለ ክንድ ማሽኑን ሸጠ። ዛሬ በየሳይቱ የምናየው ብርቱካናማው ጄኤልጂ የስሙ ምህጻረ ቃል ነው። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ የማሽን ሰሌዳም የሚጽፈው በዚያው ነው። “የ2012 ሞዴል” ሲባል በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጠይቁ፤ በዚህ ልዩነት የሚነግድ ደላላ አለ።)

የሚያስገርመው፣ በዚያ ታሪክ የተወለደው ማሽን ከኤሌክትሪክ አያድንም። ሳይት ላይ የሚሠሩት ሲዘር (በመስቀለኛ ብረት የሚወጣው) እና ቡም (ባለ ክንዱ) ሊፍቶች አካላቸው ብረት ነው፤ ለመብራት ኃይል ሥራ ተብለው ክንዳቸው በፋይበር ከተሠራው በቀር አንዳቸውም ኤሌክትሪክ አይከላከሉም። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ሕግ እስከ 50 ሺህ ቮልት ካለው ሽቦ ቢያንስ 3 ሜትር መራቅ ግዴታ ያደርጋል። በከተሞቻችን መንገድ ዳር የሚያልፈው መስመር 15 ሺህ ወይም 33 ሺህ ቮልት ሲሆን፣ ከሕንፃው በረንዳ 3 ሜትር የማይርቅበት ቦታ ስንት እንደሆነ ቀና ብሎ ማየት ነው።

ቁጥሩን ማንበብ

ሻጭ “12 ሜትር ይወጣል” ሲል ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ሠራተኛው የሚቆምበት ወለል 12 ሜትር ይደርሳል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ወይም ሠራተኛው ቆሞ እጁን ሲዘረጋ 12 ሜትር ላይ ይሠራል ማለት። በሁለቱ መካከል የ2 ሜትር ልዩነት አለ። ማስታወቂያዎች ሁለተኛውን ይወዳሉ፤ ጣሪያው 12 ሜትር ላይ ለሆነ ሰው ልዩነቱ ሥራው መሠራቱና አለመሠራቱ ነው።

የአሜሪካ ማሽኖች ስም ራሱ መረጃ ይዟል። የጂኒ ኩባንያ ጂኤስ-1930 የሚባለው ትንሽ ሲዘር ወለሉ 19 ጫማ ማለትም 5.8 ሜትር ይወጣል፣ ስፋቱ 30 ኢንች ማለትም 76 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በተራ የቢሮ በር ያልፋል። 3246 ካለ 32 ጫማ ከፍታ፣ 46 ኢንች ስፋት ነው። ዜድ-45/25 የሚል ባለ ክንድ ማሽን ደግሞ 45 ጫማ ወደ ላይ፣ 25 ጫማ ወደ ጎን፤ በእኛ መለኪያ ወደ 13.7 ሜትርና 7.6 ሜትር። ወደ ጎን የሚለው ቁጥር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ገዢ ከፍታ ይጠይቃል፤ ከዚያ ሳይቱ ላይ ሲደርስ በሕንፃውና በማሽኑ መካከል ቦይ፣ የተቆለለ አሸዋ ወይም የጎረቤት አጥር ያገኛል። ለውጭ ሥራ ወደ ጎን የሚደርሰው ርቀት ከከፍታው ይበልጥ ወሳኝ ነው ብዬ አምናለሁ።

ክብደትም አለ። ያ 76 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ትንሽ ሲዘር ከ1.2 እስከ 1.5 ቶን ይመዝናል። ሁለት ሰው ይዞ ሲወጣ ከአራቱ ትንንሽ ጎማዎች አንዱ ላይ ከግማሽ ቶን በላይ ሊያርፍ ይችላል፤ ያም በአንድ መዳፍ በሚያክል ቦታ ላይ ነው። ሶሌታው በብሎኬት የተሞላ ሪብ ስላብ ከሆነ፣ በሪቦቹ መካከል ያለው የላይኛው ስስ ኮንክሪት ለዚህ አልተሰላም። አራተኛ ፎቅ ላይ ማሽን ከመውጣቱ በፊት መጠየቅ ያለበት የስትራክቸር መሐንዲሱ ነው፤ ፎርማኑ አይደለም። ባለ ክንዱ ዜድ-45 ደግሞ ከ6 ቶን በላይ ስለሆነ ፎቅ ላይ ሊታሰብም አይገባም፤ ከቦታ ቦታ የሚሄደውም በሎቤድ ነው። የሎቤድ ኪራይ በየሳይቱ ዝውውር የሚከፈል መሆኑን ስንቶቹ ሲገዙ ያሰሉታል?

ከየት ይመጣሉ?

በዓለም ላይ ያገለገለ ማን ሊፍት የሚወጣበት ዋና ምንጭ አከራዮች ናቸው። እንደ ዩናይትድ ሬንታልስና የፈረንሳዩ ሎክሳም ያሉ ግዙፍ ኩባንያዎች በሺህ የሚቆጠር ማሽን ገዝተው ያከራያሉ፣ ዕድሜው ሲገፋ ይሸጡና አዲስ ያስገባሉ። ይህ ለገዢ ጥሩ ዜና ነው። የኪራይ ማሽን በብዙ እጅ ያልፋል፣ ይጋጫል፣ ይቧጨራል፤ ነገር ግን ተከራይ በተቀየረ ቁጥር ይታያል፣ ሰርቪሱ ይመዘገባል። በአሜሪካው የኤ92 ደረጃ መሠረት ማን ሊፍት በየ3 ወሩ ወይም በየ150 ሰዓት ሥራ መመርመር አለበት፤ ዓመታዊ ምርመራውም ከ13 ወር ሊያልፍ አይችልም። በብሪታንያ ሰው የሚያነሣ መሣሪያ ሁሉ በየ6 ወሩ በባለሙያ ተመርምሮ ሪፖርት ይጻፍለታል። አውስትራሊያ ደግሞ ማሽኑ 10 ዓመት ሲሞላው ተፈታትቶ ብየዳውና ፒኑ ሁሉ እንዲታይ ታዛለች፤ ለዚህ ወጪ ማውጣት የማይፈልግ ባለቤት ዘጠነኛው ዓመት ላይ መሸጥ ቢያምረው አይገርምም። እንግዲህ ከእነዚህ አገሮች የመጣ ማሽን ወረቀት የለውም ሲባል፣ ወረቀቱ የሆነ ቦታ ላይ ሆን ተብሎ ቀርቷል ማለት ነው።

ሁለተኛው በር ጨረታ ነው። በ1958 በካናዳ የተጀመረው ሪቺ ብራዘርስ ዱባይ ጀበል አሊ ላይም ጨረታ ያካሂዳል፤ ወደ አፍሪካ ቀንድ የሚመጣ ብዙ ማሽን በዚያ አካባቢ ያልፋል። ጨረታ ላይ ማሽን የሚሸጠው “ባለበት ሁኔታ” ነው፤ መዶሻው ካረፈ በኋላ ቅሬታ የለም። ከባሕረ ሰላጤው የሚመጣ ማሽን ዝገቱ ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ ግን ፀሐይ ጎማውን፣ ቱቦውንና የሽቦውን ልባስ ጨርሶታል፣ አሸዋ ፒኖቹ ውስጥ ገብቷል። ከሰሜን አውሮፓ ወይም በክረምት መንገዱ ጨው ከሚነሰነስበት የአሜሪካ ክፍል የመጣ ደግሞ በተቃራኒው፦ ጎማው ደህና፣ የታችኛው ብረት በዝገት የተበላ።

ብዙ ግዢ የሚፈጸመው ውጭ አገር ባለ ወንድም ወይም አክስት ልጅ በኩል ነው። ዘመዱ ጨረታ ግቢ ውስጥ ቆሞ ስልክ ያነሣና ማሽኑን ከሩቅ ፎቶ ይልካል፤ ቀለሙ ያምራል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ከእሱ መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው። የሰሌዳው ፎቶ ጽሑፉ እስኪነበብ ድረስ ቀርቦ ይነሣ፤ ቁልፉ በርቶ የሰዓት ቆጣሪው ይታይ፤ የባትሪው ሣጥን ተከፍቶ፣ የሲሊንደሩ ነጭ ዘንግ ከላይ እስከ ታች፣ የክንዱ መገጣጠሚያ ብየዳዎች ሁሉ። ከሁሉም በላይ ማሽኑ ከመሬት ተነሥቶ እስከ መጨረሻው ወጥቶ ሲመለስ ሳይቆራረጥ የተቀዳ ቪዲዮ። ቪዲዮው መሐል ላይ ከተቆረጠ ማሽኑ እዚያ ቦታ ላይ አንድ ነገር አድርጓል።

ማሽኑ ፊት ለፊት

“ጋሼ፣ ይሄማ ዜሮ በሉት፤ ቆጣሪውን ይዩት፣ 900 ሰዓት ብቻ!”

ሊሆን ይችላል። ቆጣሪ ግን ይበላሻል፣ ይቀየራል። የሚመሰክረው ሌላው አካል ነው። የእግር ፔዳሉ ጎማ ተልጦ ብረቱ ካበራ፣ የመቆጣጠሪያው ዱላ ሥር ጨርቁ ከተቀደደ፣ የቅርጫቱ ወለል ጥርሱ አልቆ ልስልስ ካለ፣ 900 ሰዓት አይደለም። በቀደሙት የጂኒ ማሽኖች ላይ ተከታታይ ቁጥሩ ራሱ ዓመቱን ይነግራል፤ ጂኤስ30 ካለ በኋላ 06 ብሎ ከቀጠለ ማሽኑ የ2006 ነው። ቁጥሩ ሰሌዳው ላይ ብቻ ሳይሆን ሻሲው ላይም ተመትቷል፤ ሁለቱ ካልተመሳሰሉ ግዢው እዚያው ያልቃል። ከተመሳሰሉ ቁጥሩን ይዞ አምራቹን መጠየቅ ይቻላል። አምራቾች በተከታታይ ቁጥር የደኅንነት ማስታወቂያ ያወጣሉ፤ የትኛው ጥገና ተደርጎለት የትኛው እንደቀረ ማወቅ የሚፈልግ ሰው መልስ ያገኛል።

ቀጥሎ ሰውየውን የሚሸከመው አካል። ሲዘር ላይ እያንዳንዱ መስቀለኛ ብረት ከሌላው ጋር የሚገናኝበት ፒንና ቡሽ አለ። ቡሹ ሲበላ ጠቅላላው ቁልል ወደ ጎን ይወላገዳል፤ ታች ላይ የማይታይ የሚሊ ሜትር ክፍተት፣ ማሽኑ ከፍ ሲል ወለሉን በእጅ የሚናወጥ ያደርገዋል። ቡም ላይ መታየት ያለበት ክንዱን ከነቅርጫቱ የሚያዞረው ትልቁ ኩሽኔታ ነው። ክንዱን ትንሽ ዘርግቶ፣ አንድ ሰው ቅርጫቱን ከታች ወደ ላይ ገፋ ሲያደርግ ሌላው እጁን በላይኛውና በታችኛው አካል መገናኛ ላይ አድርጎ ይሰማዋል። ‘ጧ’ የሚል ንቅናቄ ካለ ኩሽኔታው አልቋል፣ ወይም ቡሎኖቹ ላልተዋል። ይህን ኩሽኔታ መቀየር ማለት ላዩን በክሬን ማንሣት ማለት ነው፤ ዋጋውን ከመጠየቅ ማሽኑን መተው ይቀላል።

ትኩስ ቀለም ያለበትን ቦታ ደግሞ በጥርጣሬ እዩ። ሙሉ ማሽኑ የተቀባ ከሆነ ምናልባት ለመሸጥ ነው። ክንዱ ላይ አንድ ክንድ የሚያህል ቦታ ብቻ ተቀብቶ ከሆነ ግን ከሥሩ ብየዳ አለ። የክንድ ብረት ተራ ብረት አይደለም፤ ጠንካራ ቅይጥ ስለሆነ ያለ አምራቹ መመሪያ የተበየደ ቦታ ከብየዳው አጠገብ ይሰነጠቃል። ጎበዝ በያጅ አለን የሚለው መልስ እዚህ ላይ አይሠራም።

ሃይድሮሊኩን ለመፈተን ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ማሽኑን ግማሽ ያህል አውጡት፣ ሞተሩን አጥፉ፣ በሚያብረቀርቀው የሲሊንደር ዘንግ ላይ ከማኅተሙ አፍ ጋር እኩል በጠመኔ መስመር አስምሩ። ሻይ ጠጥታችሁ ተመለሱ። መስመሩ ወደ ውስጥ ገብቶ ከሆነ ዘይት በውስጥ እያለፈ ነው፤ ጥፋቱ የፒስተኑ ማኅተም ወይም ክንዱን ይዞ የሚያቆየው ቫልቭ ነው። ማኅተም ርካሽ ነው። ቫልቩ ከሆነ ግን ቱቦ ቢፈነዳ ሰውየውን አየር ላይ ይዞ ማቆየት ያለበት ነገር አይሠራም ማለት ነው። ዘንጉ ላይ ጭረት ካለ አዲስ ማኅተም ቢገባም በአጭር ጊዜ ይበላል። የዘይቱ መልክ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል።

ባትሪ የገንዘብ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ መደራደር ይቻላል። አብዛኛው ትንሽ ሲዘር ባለ 6 ቮልት አራት ትላልቅ ባትሪ ይዞ በ24 ቮልት ይሠራል። የመኪና ባትሪ ሞተር አስነሥቶ ያርፋል፤ የእነዚህ ሥራ ቀኑን ሙሉ ቀስ እያሉ መስጠት ስለሆነ የመኪና ባትሪ ገዝቶ መተካት አይሆንም። ሙሉ ቻርጅ ተደርጎ ካደረ በኋላ በአሲድ መለኪያ እያንዳንዱን ጉድጓድ ለኩ፤ ጤነኛው 1.26 አካባቢ ያነባል። አንዱ ጉድጓድ ከሌሎቹ በ0.05 ከወረደ ያ ባትሪ እየሞተ ነው። አንዱን ብቻ ቀይሮ መቀጠል ደግሞ የሚታይ ቁጠባ የሚመስል ኪሳራ ነው፤ አሮጌዎቹ አዲሱን ይዘውት ይወርዳሉ። ስለዚህ አንድ የሞተ ባትሪ ካለ ከዋጋው ላይ የአራቱን ቀንሱ።

ቻርጀሩንም ገልብጣችሁ አንብቡ። አሜሪካ ውስጥ መብራቱ 120 ቮልት 60 ኸርዝ፣ እኛ ዘንድ 220 ቮልት 50 ኸርዝ ነው። አዳዲሶቹ ቻርጀሮች ሁለቱንም ይቀበላሉ፤ ከድሮዎቹ ግን 120 ብቻ የሚል አለ፣ ሶኬት በተሰካ በሴኮንድ ውስጥ ይቃጠላል።

ናፍጣ ሞተር ላለው ደግሞ ከፍታ አለ። አየር ሳይጨመርለት የሚተነፍስ ሞተር በየ300 ሜትሩ ወደ 3 በመቶ ጉልበት ያጣል፤ ዱባይ ባሕር ዳር ላይ የተሞከረው ማሽን 2,300 ሜትር ላይ ያለችው አዲስ አበባ ሲደርስ ከአምስት አንድ እጅ በላይ ጉልበቱን ጥሎ ይመጣል። ቱርቦ ያለው ይሻላል።

ጎማው ትንሽ ነገር ይመስላል። የብዙ ቡም ሊፍቶች ጎማ ውስጥ አየር የለም፤ በፎም ተሞልቷል፣ ከባድ ነው። ክብደቱ የማሽኑ ሚዛን አካል ሆኖ ተሰልቷል። ጎማው መንገድ ላይ እንዳይበሳ ብቻ ተብሎ የተደረገ አይደለም። አንድ ቀን ጎማው ያልቅና ባለቤቱ ከገበያ ልኩ የሚገባ የአየር ጎማ ገዝቶ ይገጥማል፤ ማሽኑ ይሄዳል፣ ይወጣል፣ ምንም የተቀየረ አይመስልም። ክንዱ ወደ ጎን ሙሉ በሙሉ የሚዘረጋበት ቀን ድረስ። ስለዚህ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን የጎማ ዓይነት ከተገጠመው ጋር አስተያዩ።

የታሰሩ ስዊቾች

አሁን በጣም ወደሚያስፈራኝ ነገር ልግባ። ማን ሊፍት ራሱን የሚጠብቅባቸው ሴንሰሮችና ስዊቾች አሉት። መሬቱ ሲያዘነብል ይጮሃል፣ መውጣትም ያቆማል፤ ለምሳሌ ጂኤስ-1930 የሚታገሰው ወደ ጎን 1.5 ዲግሪ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ 3 ዲግሪ ብቻ ነው፤ በዓይን ለጥ ያለ የሚመስል መሬት ከዚያ በላይ ሊያዘነብል ይችላል። ሲዘሩ ሲወጣ ደግሞ ከሆዱ ሥር ሁለት ብረቶች ይወርዳሉ፤ ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ቢገባ ማሽኑ እንዳይገለበጥ የሚይዙት እነሱ ናቸው። ብረቶቹ በትክክል ካልወረዱ ማሽኑ አይሄድም።

ይህ ሁሉ ሥራ የሚያዘገይ ጥንቃቄ ነው። አስፋልት ያልገባበት፣ ድንጋይና ፍርስራሽ የተበተነበት ሳይት ላይ ማሽኑ በየደቂቃው ይጮሃል፣ ይቆማል። ሠራተኛው ይማረራል። “ማስተካከል” የሚያውቅ ኤሌክትሪሺያን ይመጣል፣ ሁለት ሽቦ ያገናኛል፣ ጩኸቱ ያቆማል። የጉድጓድ መከላከያው ብረት ተጣሞ አልወርድ ካለም ስዊቹ በላስቲክ ይታሰራል። ማሽኑ ሲሸጥ ግን ይህ አይነገርም፤ እንዲያውም “ምንም የማያስቸግር” ተብሎ ይወደሳል። የማይጮህ ማን ሊፍት ሲገጥመኝ መጀመሪያ የምፈልገው ያንን ሽቦ ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፦ በአንድ በኩል ያሉትን ሁለት ጎማዎች 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ሳንቃ ላይ አውጡና ባዶውን ሲዘር ከመሬት መቆጣጠሪያው ትንሽ ለማንሣት ሞክሩ። ዝም ብሎ ከወጣ ሴንሰሩ ታስሯል።

ጭነት የሚለካው ሴንሰር የተለየ ታሪክ አለው። አውሮፓ ቀድማ ያስገደደችው ነገር በአሜሪካ አዲሱ የኤ92 ደረጃ እስከጸናበት እስከ ሰኔ 2020 ድረስ ግዴታ አልነበረም። ከዚያ በፊት ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ማሽን ከመጠን በላይ ቢጫንም ላያቆም ይችላል። ይህ ጥፋት አይደለም፣ ሲሠራ ሕጉ ያን አልጠየቀውም። ገዢው ግን ማወቅ አለበት፤ ሦስት ሰው ከነመስታወቱ ቅርጫት ውስጥ ሲገባ ማሽኑ አይቃወምም።

ነፋስ ሲበረታ ማሽኑን የሚያስቆም ሴንሰር ደግሞ አብዛኞቹ ላይ የለም። ለውጭ ሥራ ለተፈቀዱት ማሽኖች የተለመደው የነፋስ ጣሪያ በሴኮንድ 12.5 ሜትር ማለትም በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ነው፤ አንዳንዱ ጠባብ ሲዘር ከነጭራሹ ለቤት ውስጥ ብቻ ነው፣ ሰሌዳው ላይ ተጽፏል። ጥቅምት 2010 በአሜሪካ የኖትርዳም ዩኒቨርሲቲ የ20 ዓመት ተማሪ የእግር ኳስ ልምምድ ለመቅረጽ ሲዘር ሊፍት ላይ ወጥቶ ሳለ በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሮጥ ነፋስ ማሽኑን ገለበጠውና ሞተ። የኢንዲያና ግዛት የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ባደረገው ምርመራ የመደበኛ ፍተሻ ጉድለትና የጠፉ የማስጠንቀቂያ ጽሑፎች ተገኙ፤ ዩኒቨርሲቲው ላይም 77,500 ዶላር ቅጣት ጣለ። የተላጠ ተለጣፊ ጽሑፍ በግዢ ጊዜ ማንም ትኩረት የማይሰጠው ነገር ነው። ነፋሱ ስንት ሲደርስ መውረድ እንዳለበት ሠራተኛው የሚያነበው ግን እዚያ ላይ ነው። ጽሑፉ በሚነበብ ሁኔታ ከሌለ ከአምራቹ አዲስ ይታዘዛል፤ ከማሽኑ ጋር አብሮ መምጣት ያለበት መመሪያ መጽሐፍም እንዲሁ።

ክፍያው ከመፈጸሙ በፊት አንድ ፈተና ይቀራል፣ ሻጮች የማይወዱት። ቅርጫቱ 227 ኪሎ ይሸከማል ከተባለ አራት ከረጢት ሲሚንቶ ጫኑበት፤ 200 ኪሎ ነው። ማንም ሰው አይውጣ። ከመሬት መቆጣጠሪያው ሆናችሁ እስከ መጨረሻው አውጡት፣ ቡም ከሆነ ወደ ጎን ሙሉ በሙሉ ዘርጉት፣ እዚያ ይቆይ። በዚህ ጊዜ ከሥሩ የሚቆም የለም፤ ራቅ ብሎ ብየዳዎቹን፣ ቱቦዎቹን፣ የኋላ ጎማዎቹን ማየት ነው። ከዚያ ቀዩን ማቆሚያ ተጫኑ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ መብራት እንደጠፋ አድርጋችሁ በአደጋ ጊዜ ማውረጃው ብቻ አውርዱት። ይህ ማውረጃ ለብዙ ዓመት ያልተነካ ስለሚሆን አንዳንዱ ዝጎ አይንቀሳቀስም፤ ባትሪው በሞተ ቀን ሠራተኛውን ከላይ የሚያመጣው ግን እሱ ብቻ ነው። ሻጩ “ሲሚንቶ ምን ያደርጋል፣ እኔ ራሴ ወጥቼ አሳይዎታለሁ” ካለ አመስግናችሁ ከረጢቶቹን ጫኑ። አሻፈረኝ ካለም ገንዘባችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ያገለገለ ማን ሊፍት በየወሩ ጀበል አሊ ላይ ይሸጣል።